አኮን ያተረፋት አፈር ነው

ሥራ ቦታ ምሳ ላይ ነን። አብራኝ የምትሠራ ልጅ አለች፣ የአኮ (ሰሜን እስራኤል ያለች የባሕር ዳር ከተማ ናት) አሮጌው ከተማ ልጅ፣ አረብ ናት። ስለ ቤት እድሳት ዋጋ ሁላችንም በየተራ እያማረርን ድንገት ወደኔ ዞራ «እናቴ እኮ የራሷ ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሆነ ነገር ለማስነካት ፈቃድ መጠየቅ አለባት፣ እናንተ ደግሞ ቲኬት ቆርጣችሁ ከወለሏ ስር ትሄዳላችሁ» አለችኝ። በቀልድ ነው ያለችው። ተሳሳቅን፣ ቡናችንን ጨልጠን ተነሳን። እኔ ግን ማታ ቤት ገብቼም፣ በነጋታውም ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለኝ።

«እናንተ» ያለችው እኔን ነው እንግዲህ። ሐይፋ ስለምኖር ከአዲስ አበባም ይምጣ ከአሜሪካ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምወስደው አኮ ነው፣ በባቡር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ጉዞው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ግንቡ ላይ ፎቶ፣ ከመሬት በታች ያሉት የመስቀል ጦረኞች (በመካከለኛው ዘመን ቅድስት አገርን ሊይዙ ከአውሮፓ የመጡት ክርስቲያን ወታደሮች) አዳራሾች፣ ዋሻው፣ ገበያው፣ ወደቡ ላይ ዓሣ፣ ከዛ ወደ ቤት። ልጆች ከባሕሩ ግንብ ላይ እየተንደረደሩ ሲዘሉ እናያለን፣ እንግዶቼ «ወይኔ ልጄን!» ይላሉ፣ ይሄም የፕሮግራሙ አካል ሆኗል። ቲኬቱ የሚያሳየው ግን ከጣሪያ በታች ያለውን ነው። ከጣሪያው በላይ ማን እንዳለ የሚጽፍ ሰሌዳ የለም።

ዋሻውን ራሱ እንውሰድ። የቴምፕላሮች ዋሻ ይባላል (ቴምፕላሮች ከመስቀል ጦረኞቹ አንዱ የመነኩሴ ወታደሮች ማህበር ናቸው)፣ 150 ሜትር ገደማ ነው፣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ከነበረው ምሽጋቸው ተነስቶ ወደ ወደቡ ይሄዳል፣ ታችኛው ክፍሉ ከዓለቱ የተፈለፈለ፣ ላይኛው በጥርብ ድንጋይ በቅስት የተሠራ። የተገኘው በ1994 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እኤአ ናቸው)። ማን አገኘው? አርኪዮሎጂስት አይደለም። ከላዩ የምትኖር አንዲት ሴት የፍሳሽ ቱቦዬ ተዘጋብኝ ብላ አቤት ስትል ሊጠግኑ የመጡ ሰዎች ናቸው ያገኙት። ይሄን ለባልደረባዬ ሳነሳባት «አየሽ፣ የኛ ሴቶች ስለ ሽንት ቤት ባያማርሩ ኖሮ እናንተ የምታዩት ነገር አይኖርም ነበር» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

አፈር የሞላው አዳራሽ

የመስቀል ጦርነት ታሪክ ውስጥ አልገባም፣ ታውቁታላችሁ። ለኔ ጉዳይ የምታስፈልገዋን ብቻ ልበል። መስቀል ጦረኞቹ አኮን በ1104 ያዙ፣ በ1187 የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሃዲን ወሰደባቸው፣ በ1191 መልሰው ነጠቁ፣ ኢየሩሳሌም ከእጃቸው ስለወጣች ለቀጣዩ መቶ ዓመት ዋና ከተማቸው እሷው ሆነች። ቬኒሶች፣ ጄኖዋዎች፣ ፒዛዎች የየራሳቸው ሰፈር ነበራቸው፣ እንደውም ቬኒስና ጄኖዋ እዛችው የመዳፍ ያህል መሬት ላይ ጎረቤት ለጎረቤት ጦርነት ገጥመዋል። ሜይ 1291 ላይ የግብጽ ማምሉኮች ሱልጣን አል አሽራፍ ኸሊል ከተማዋን ያዘና ዳግመኛ ተመልሰው መርከባቸውን እንዳያስጠጉ ብሎ አፈረሳት። ካፈረሱት አንድ ቤተ ክርስቲያን የእብነ በረድ በሩን ግን ወደዱት መሰለኝ፣ ነቅለው ካይሮ ወሰዱት፣ ዛሬም ሙኢዝ ጎዳና ላይ የሱልጣን አል ናስር ሙሐመድ መድረሳ (የእስልምና ትምህርት ቤት) መግቢያ ሆኖ ቆሟል። የአውሮፓ ጎቲክ በር በመስጊዶች መሃል። ካይሮ የምትሄዱ ካላችሁ ቀና ብላችሁ እዩልኝ።

ከዛ አራት መቶ ምናምን ዓመት ፍርስራሽ። 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ዳሂር አል ዑመር የሚባል የገሊላ ገዢ መጥቶ ግንቡን አቆመ፣ ወደቡን ቀሰቀሰ፣ ከሱ በኋላ ደግሞ ትውልዱ ከቦስኒያ የሆነው አሕመድ ፓሻ አል ጀዛር መጣ። ዛሬ «አሮጌው አኮ» ብለን ፎቶ የምናነሳው አብዛኛው ነገር የዚህ ሰውዬ ዘመን ነው፦ አረንጓዴ ጉልላት ያለው መስጊድ 1781፣ በዓምድ የተከበበው የነጋዴዎች ማረፊያ ኻን አል ዑምዳን 1784፣ ሐማሙ (የሕዝብ መታጠቢያ ቤቱ)። ናፖሊዮን በ1799 ለሁለት ወር ከቦ አልሆንለት ብሎ የተመለሰውም ከሱ ፊት ነው። ጨካኝ ነበር፣ የገዛ አማካሪውን ዓይን ያጠፋ ሰው ነው፣ ስለሱ ባህርይ ብንጀምር አንጨርስም።

እኔን የያዘኝ ግን የግንባታ ዘዴው ነው። ግማሹ የፈረሰ፣ ግማሹ የቆመ የመስቀል ጦረኞች ከተማ ላይ እንዴት አድርገህ አዲስ ከተማ ትሠራለህ? መልሱ ቀላል ነው፣ ትሞላዋለህ። ሆስፒታለር የሚባሉት፣ መነኩሴም ወታደርም የነበሩት ማህበርተኞች ሰፊ አዳራሾች ነበሯቸው፣ እነዛ ውስጥ አፈርና ፍርስራሽ ተሞላ፣ ተደለደለ፣ ከላይ ምሽግ ተሠራበት። ምሽጉ ኋላ እስር ቤት ሆነ፣ የባሃኢ እምነት መሥራች ባሃኡላህ በ1868 የታሰረው እዛ ነው፣ እንግሊዞችም እዛው ያስሩ ነበር፣ በ1947 የአይሁድ ታጣቂዎች እስረኞቻቸውን ያስመለጡት አጠገቡ ባለው ሐማም በኩል ግድግዳውን በፈንጂ አፍርሰው ነው። ይሄ ሁሉ ሲሆን አዳራሾቹ ከስር አፈራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

መሃሉ ላይ በሦስት ግዙፍ ክብ ዓምዶች የቆመውን የመመገቢያ አዳራሽ ያያችሁ ሰዎች ታስታውሳላችሁ። ዓምዶቹን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሳቸውም፣ ሁለትም ሰው አይበቃም። ጥግ ላይ ድንጋዩ ውስጥ የተቀረጸ የሊሊ አበባ አለ፣ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት። ይሄ አዳራሽ ለረጅም ጊዜ «የምድር ቤት ጸሎት ቤት» ነው የሚባለው፣ ለምን ቢባል መጀመሪያ የገቡበት ሰዎች ሲያዩት አፈሩ ከፍ ብሎ ሞልቶ ስለነበር ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ከመሬት በታች የተሠራ ነገር መሰላቸው። አፈሩ ሲወጣ ጊዜ ለካ ከፍታው የሚያስደነግጥ ትክክለኛ አዳራሽ ነው።

እዚህ ጋ ነው ሐሳቤ መዞር የጀመረው። አል ጀዛር ለሕንፃዎቹ ዓምድ ሲፈልግ ከአኮ በስተደቡብ ባሕር ዳር ካለችው ከቂሳርያ የሮማውያን ፍርስራሽ ነው ያስመጣው። ቂሳርያ ሜዳ ላይ ተጋልጣ ስለነበረች፣ ድንጋይ የፈለገ ሁሉ ለዘመናት እየሄደ ጫነ። አኮ ውስጥ ያሉት አዳራሾችም ተጋልጠው ቢሆን ኖሮ አንድም ጥርብ ድንጋይ አይተርፍም ነበር፣ እርግጠኛ ነኝ። የተረፉት አንድ ሰው ቅርስ ነው ብሎ ስላከበራቸው አይደለም። ሰውዬው ለመሠረት ስለፈለጋቸው ነው። ምንም ሳይጨነቅ አፈር ደፋባቸው፣ አፈሩም ጠበቃቸው። ስለ ቅርስ ጥበቃ ስንሰማ ያደግነው ሁሉ፣ ማጥናት፣ ማጠር፣ ማጽዳት፣ እዚህ ምንም አልሠራም። የሠራው ግዴለሽነት ነው።

ከፍሪጁ ጀርባ

ባልደረባዬ አንድ ቅዳሜ «ነይ እናቴን ላሳይሽ፣ ቲኬት የለውም» አለችኝ። ሄድኩ። ከገበያው ጀርባ በጠባብ መንገድ ገብተን፣ ልብስ ከተሰጣበት በታች አጎንብሰን አልፈን፣ ከውጭ ያለ የድንጋይ ደረጃ ወጣን። ደረጃው መሃሉ ተበልቶ ጎድጉዷል። እናቷ በር ላይ ቆመው ጠበቁን፣ «ግቢ ቢንቲ፣ ግቢ» አሉኝ፣ እጄን ይዘው። በግማሽ ዕብራይስጥ በግማሽ አረብኛ ነው የተግባባነው፣ ያልገባኝን ልጅቷ ታቀብለኛለች፣ እኔም ካልቲ እያልኩ ነው የማወራቸው፣ ልክ እኛ እትዬ እንደምንለው።

ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው ግን ጣሪያው ሩቅ ነው። በአራት በኩል ተነስቶ መሃል ላይ የሚገናኝ ቅስት፣ ፈዘዝ ባለ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ፣ ቀለሙ በቦታ በቦታው እንደ ቅርፊት ተነስቷል። ምድጃው ላይ ሔል ያለበት ቡና እየፈላ ነው። ግድግዳው ከወለሉ እስከ ወገብ ድረስ ረጥቧል፣ ከርጥበቱ በላይ ደግሞ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፣ በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ካልቲ ስቀምስ አይተው በጣም ሳቁ።

ልስኑ የተቀረፈው ከፍሪጁ ጀርባ ነው አለችኝና ልጅቷ ፍሪጁን ገፋ አደረገችው። በባዶው ድንጋይ ላይ አግድም ሰያፍ ሆነው የተጫሩ ጭረቶች አሉ፣ ደቃቅ፣ ተቀራራቢ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ። ይሄን ጭረት አውቀዋለሁ። ታች አዳራሾቹ ውስጥ እንግዶቼን ይዤ ስዞር አስጎብኚዎቹ ሁሌ ያሳዩናል፦ የመስቀል ጦረኞቹ ድንጋይ ጠራቢዎች የድንጋዩን ፊት ሲያስተካክሉ መሮውን እንዲህ ሰያፍ አድርገው ነው የሚመቱት፣ የነሱን ድንጋይ ከሌላው ከምትለዩባቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እጄ ሳላዝዘው ሄዶ ግድግዳው ላይ አረፈ። ዘይትና አቧራ የለበሰ ድንጋይ። ወደ ታች ጥጉ ላይ ደግሞ የትንሽ ጣት ርዝመት ያለው ቀስት የመሰለ ምልክት ተቀርጿል፣ የጠራቢው ምልክት፣ የዚህ ሰው ሥራ ይሄ ነው እንዲባል፣ ሲከፈለው እንዲቆጠርለት ይመስለኛል።

«ካልቲ፣ ይሄ ድንጋይ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል» አልኳቸው።

አጎንብሰው አዩት። «ይሄ? እኔ እኮ ቆሻሻ ነው ብዬ በሽቦ ስፈትገው ነው የኖርኩት» አሉኝ።

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ፣ አፌ ላይ መጣ፣ ግን ወዲያው ደስ አላለኝም። ወርቅ ከሆነ እኮ ወርቁ የኔ ነው፣ የጎብኚዋ። የሳቸው ግድግዳ ነው፣ የሚረጥብ፣ የሚቀረፍ፣ ክረምት ላይ ልጅ የሚያሳስል ግድግዳ። ደግሞ ቀጥሎ ያለውን ድንጋይ ሳየው ጭረቱ ቀጥ ያለ ነው፣ የዛ ማዶው ደግሞ ጨርሶ ያልተጠረበ። ማለትም ይሄ ከስር ቀጥ ብሎ የመጣ የመስቀል ጦረኞች ግድግዳ አይደለም። አንዱ ግንበኛ ቤት ሲሠራ ከፍርስራሹ ውስጥ ደህና ድንጋይ አይቶ አንስቶ እዚህ ሰካው፣ በቃ። አንድ ሰው ጠረበው፣ በ1291 ይሁን በሌላ ጊዜ ወደቀ፣ ሌላ ሰው ከአፈር አንስቶ ግድግዳ አደረገው፣ ሌላ ሰው ለሰነው፣ ሌላ ሰው ሰማያዊ ቀባው።

ካልቲ ራሳቸው ደግሞ የሐይፋ ሰዎች ልጅ ናቸው። ወላጆቻቸው በ1948ቱ ጦርነት ከሐይፋ ወጥተው እዚህ የገቡ ናቸው፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ ታሪኩ እንዲህ የሆነ ብዙ ቤተሰብ አለ። የሐይፋውን ሰፈራቸውን ስም ነገሩኝ። ባቡር ለመያዝ በየቀኑ የማልፍበት ሰፈር ነው። አልነገርኳቸውም፣ ቡናዬን ጠጣሁ። አሁን ሳስበው ፈልገው የነገሩኝ ይመስለኛል፣ ሐይፋ እንደምኖር ያውቃሉ።

እና የትኛው ነው አኮ? ታች ያለው፣ ተጠርጎ መብራት የተደረገለት አዳራሽ? የፓሻው ከተማ? ወይስ እነዚህ ሰዎች? ዩኔስኮ በ2001 ከተማዋን ሲመዘግባት ሁለቱንም ብሎ ነው፣ ከመሬት በታች ያለውን የመስቀል ጦረኞች ከተማና ከላዩ ያለውን የኦቶማን ከተማ። ወረቀቱ ላይ ጥሩ ነው። ሰው ግን ሲጎበኝ የታችኛውን ነው የሚያየው፣ ምክንያቱም ታች ማንም አይኖርም፣ ማንም አያስልም፣ ግድግዳውን በሽቦ የሚፈትግ የለም።

ሲሚንቶና ኖራ

የፈቃዱ ነገር ወደዚህ ያመጣናል። የአኮ ድንጋይ ኩርካር ይባላል፣ የባሕር ዳር አሸዋ በኖራ ተያይዞ የደነደነ ድንጋይ ነው። ለመጥረብ ይመቻል፣ ግን ቀዳዳ ነው፣ ውሃ ይጠጣል። ከባሕር የሚመጣው ርጥበት ጨው ይዞ ይገባል፣ ውሃው ሲተን ጨው ውስጥ ይቀርና እንደ ብርጭቆ ስባሪ ይጠጥራል፣ ሲጠጥር ቦታ ይፈልጋል፣ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ሲወስድ እያሳሳቀ እንደሚባለው ዓይነት ነው፣ ዛሬ ትንሽ ዱቄት ታያለህ፣ ከዓመታት በኋላ ግድግዳው ጎድጉዶ ታገኘዋለህ።

የድሮዎቹ ልስን ኖራ ነው። ኖራ ይተነፍሳል፣ ርጥበቱን ያወጣል፣ ጨውም ቢመጣ የሚበላው ልስኑን ነው፣ ልስኑ ሲያረጅ ትቀይረዋለህ፣ ድንጋዩ ይድናል። ሲሚንቶ ግን ይደፍናል። ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወይ ከሲሚንቶው ጀርባ ተጠራቅሞ ድንጋዩን ራሱን ይበላዋል። ከውጭ ስታየው ግድግዳው ልም ያለ ነው፣ ቀርፈህ ስታየው ድንጋዩ አሸዋ ሆኗል። የካልቲ ወጥ ቤት ከወገብ በታች የሆነውም ይሄው ነው፣ ከዓመታት በፊት ርጥበቱ ሲያስቸግራቸው ሲሚንቶ አስለሰኑት፣ ርጥበቱም እሺ ብሎ ወደ ላይ ወጣ።

አትፍረዱባቸው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሲሚንቶ ሱቅ አለ፣ ርካሽ ነው፣ ማንም ይለስነዋል፣ በነጋታው ይደርቃል። ኖራ የሚያውቅ ባለሙያ ውድ ነው፣ ልስኑ በስስ በስሱ እየተደረበ፣ እየረጠበ ሳምንታት ይፈልጋል። ደግሞ አሮጌው ከተማ ውስጥ ብዙው ቤት የመንግሥት ንብረት ነው፣ ነዋሪው ተከራይ ነው፣ የሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ብዙ ገንዘብ አውጣ የሚባል ሰው ማን ነው እሺ የሚለው? ካልቲ ለሆነ ቢሮ አመልክተው ነበር፣ መጥተው ፎቶ አንስተው «በባህላዊ ቁሳቁስ ብቻ ነው የሚታደሰው» የሚል ወረቀት ሰጥተዋቸው ሄዱ። ወረቀቱ ልክ ነው፣ እያንዳንዱ ቃሉ። ገንዘቡ ግን ወረቀቱ ውስጥ የለም።

ይሄን ለእማዬ ስልክ ላይ ሳወራላት (ጎንደር ነው ያደገችው) «የፋሲልም እኮ በኖራ ነው» አለችኝ፣ እንደ ዘበት። እውነትም የፋሲል ግቢን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ሲጠግኑት ሲሚንቶ ተጠቅመው ነበር፣ ኋላ ላይ የመጡት ጠጋኞች ያንን እያነሱ በኖራ የመመለስ ሥራ ነበረባቸው። ልዩነቱ የፋሲል ግቢ ውስጥ ማንም ወጥ አይሠራም። ሕንፃ ባዶ ከሆነ ትክክለኛውን ነገር ማድረግ የገንዘብና የባለሙያ ጥያቄ ብቻ ነው። ሰው ሲኖርበት ግን ሳምንታት የሚደርቀው ልስን ማለት ሳምንታት የማይበሰልበት ወጥ ቤት ማለት ነው።

እኔ የምለው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፣ ሊያናድድም ይችላል። ከሰው ሁሉ ነጻ የሆነ አሮጌ ከተማ በደንብ ይጠበቃል፣ ይሄን ሜዲትራኒያን ዳር ዳሩን አይተነዋል፣ ቤቱ ሁሉ ሆቴል ሆኖ፣ በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ ጠፍቶ፣ ድንጋዩ ተፍቆ ተፍቆ ብርሃን ሆኖ። አኮም ውስጥ ጀምሯል፣ ኻን አል ዑምዳን ራሱ ሆቴል ይሁን አይሁን እየተባለ ስንት ዓመት አጨቃጭቋል። ድንጋዩ ይተርፋል እዛ፣ አልክድም። ግን አኮን ለዚህ ያደረሳት መጠቀም ነው፣ አንዱ የሌላውን አዳራሽ መሠረት ማድረጉ፣ አንዱ የሌላውን ድንጋይ ግድግዳው ውስጥ መሰካቱ። የዛ ሰንሰለት የመጨረሻው ቀለበት ላይ ያለውን ሰው አስወጥቶ «አሁን ጠበቅነው» ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ከታች ለመግባት የምንከፍለው ገንዘብ ጥቂቱ ወደ ላይ ወጥቶ የኖራ ባለሙያ ቢቀጥር ብዙ ነገር ይፈታል ብዬ አምናለሁ፣ ቢያንስ ከወረቀት ይሻላል።

ሰሞኑን ባልደረባዬ እንደነገረችኝ ወንድሟ ሥራውን ራሱ ይዞታል። ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ አጠያይቆ፣ ቪዲዮ አይቶ፣ ሲሚንቶውን በመዶሻ አራግፎ የመጀመሪያውን የኖራ ልስን ደርቦበታል። የመጀመሪያው ቶሎ ደርቆ ተሰነጠቀበት፣ አሁን ጠዋት ማታ ውሃ እየረጨ ነው። ካልቲ ምድጃቸውን ሳሎን አውጥተው እዛ እያበሰሉ ነው፣ በየቀኑ ይራገማሉ አሉ። ወንድምየው ግን ከተሳካልኝ ለሰፈሩ ሰውም እሠራለሁ ብሎ ማስታወቂያ ለጥፏል። እስካሁን ደውሎ ዋጋ የጠየቀው አንድ ጎረቤት ብቻ ነው፣ ዋጋውን ሲሰማ «እስቲ ካልቲ ወጥ ቤት ይድረቅና እናየዋለን» ብሎ ዘጋው።